አባቴ ገጠር ሆነው ደህና ናቸው፣ እኔን አዲስ አበባ ግፊት ያዘኝ፤ ባላገር የልብ በሽታ አያውቀውም የሚባለው እውነት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው የ77 (የረሃቡ ዓመት) ልጅ ነው፣ ወሎ ከደሴ ወጣ ያለ ገጠር ተወልዶ አሁን አዲስ አበባ ቢሮ ይሠራል። መሥሪያ ቤቱ ባስመጣው ምርመራ ግፊቱ 158/98 ሆነ፣ በሳምንቱ ሲደግም 154/96፣ ኮሌስትሮሉም ከፍ ብሏል። አባቱ 70 ደርሰዋል፣ ቀጭን ናቸው፣ እስካሁን ያርሳሉ፣ ሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። «ከተማው ነው የገደለኝ፣ አገሬ ብገባ ይሻለኝ ይሆን? አባቴ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ዳገት ላይ ቆም ቆም ማለት ጀምረዋል፣ ማታ ማታ እግራቸው ያብጣል፣ እሳቸው እርጅና ነው ይላሉ፣ ያሳስባል ወይ?» ይላል።

ወንድሜ ከመጨረሻው ልጀምርልህ። አዎ ያሳስባል። እንደውም ከሁለታችሁ እኔን ያስቸኮለኝ ያንተ 158 ሳይሆን የአባትህ እግር ነው። ያንተን ግፊት ቢያንስ አወቅነው፣ መድኃኒት ቤቱም ከቢሮህ ወረድ ብሎ ነው፣ የሳቸውን ግን እስከዛሬ የለካው ሰው የለም። የገጠርና የከተማ ልብ ልዩነት ዋናው ጉዳይ እዚሁ ጋ ነው፣ ትንሽ ረዘም ይልብሃል ግን ታገሰኝ።

«ባላገር የልብ በሽታ አያውቀውም» የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ስቴፕስ የሚባል ሀገር አቀፍ ጥናት ተሠርቶ ነበር፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉ ሰዎች ግፊታቸው፣ ስኳራቸው፣ ክብደታቸው የታየበት። ግፊት ያለበት ሰው ወደ 16 በመቶ ነበር፣ ከተማው ከገጠሩ ይበልጣል፣ ውፍረትም እንደዛው። ይሄ ብዙ አያስገርምም። አባትህ ጠዋት በሬ ጠምደው ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት፣ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ብቻ አንተ በሳምንት የማትሄደውን ይሄዳሉ፣ አንተ ደግሞ ከኮንዶሚኒየም ወርደህ ሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ወንበር፣ ከወንበር መልሰህ ሚኒባስ።

ምግቡ ላይ ግን ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። «አባቶቻችን ቅቤ እየበሉ መቶ ዓመት ኖሩ» የሚለኝ በሽተኛ አይጠፋም። የቱን ቅቤ? ባላገር እኮ ቅቤውን ለገበያ ነው የሚያወጣው፣ እንቁላሉንም እንደዛው፣ ያ ቅቤ ተጭኖ መጥቶ የሚበላው እዚህ እኛ ጋ ነው። እሱ ቤት የሚበላው ሽሮ ነው፣ ባቄላ ነው፣ የማሽላ ወይ የጤፍ እንጀራ ነው፣ ሥጋ በዓል ሲደርስ። ከተማ ላይ ክትፎውም አለ ጥብሱም አለ፣ በዛ ላይ የሚረጋው ዘይት የምንለው ፓልም ስቡ ግማሽ ገደማ የሚሆነው እንደ ቅቤ የሚረጋው ዓይነት ነው፣ እና «ጾም ነው፣ ቀለል ያለ ነው» እያልን ዘይት የተንሳፈፈበት ወጥ እንበላለን።

ጨው ላይ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ። በዛው ጥናት የአንድ ሰው የቀን ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ወጥቶ ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ5 በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። በርበሬው ሲፈጭ ጨው አለው፣ ሽሮው ሲፈጭ ጨው አለው፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ይጨመራል፣ እናንተ አገር ቡናውም በጨው ነው። ጫት ካለ እሱም የልብ ምትና ግፊት ያስነሳል፣ ከተማም ገጠርም አይመርጥም።

እሺ፣ እስካሁን ገጠሩ የበለጠ ይመስላል አይደል? አሁን ወደ ሌላኛው ግማሽ ልምጣ። ፒዩር የሚባል በጣም ትልቅ ጥናት አለ፣ 17 ሀገሮች ውስጥ ከ156 ሺህ በላይ ሰው ለአራት ዓመት ገደማ ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አወጡ። እኛ አልነበርንበትም ግን ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ዚምባብዌ ነበሩ፣ የኑሮ ደረጃቸው ከኛ ብዙ አይርቅም። የተገኘው ነገር ምንድነው፣ ለልብ በሽታ የሚያጋልጠው ነገር (ግፊት፣ ስኳር፣ ውፍረት፣ ሲጋራ አንድ ላይ ተደምሮ) የበዛው ከተማ ላይ ነው። በልብና በስትሮክ የሚጠቃው ግን ገጠሩ በለጠ። ከ1000 ሰው በዓመት ከተማ 4.83፣ ገጠር 6.25። ከተጠቁት ውስጥ የሚሞተው ደግሞ ከተማ 13.5 በመቶ፣ ገጠር 17 በመቶ ከፍ ብሎ። ሀገር ለሀገር ሲታይም ያው ነው፣ ሀብታሞቹ ሀገሮች አጋላጩ በዝቶባቸው የሚሞትባቸው ትንሽ፣ ድሆቹ አጋላጩ አንሶ የሚሞትባቸው ብዙ።

ለምን መሰለህ? ከተሜው ግፊቱ ሲነሳ የሆነ ቦታ ይለካል፣ ቢሮው ያስለካዋል፣ ለመንጃ ፈቃድ ይለካል፣ ፋርማሲ ሲገባ ይለካል። መድኃኒት ይጀምራል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ይጀምራል፣ በቃ እንደምንም ይቀጥላል። የገጠሩ ሰው ግፊት ቢኖርበት 15 ዓመት ሳይታወቅ ልቡንም ኩላሊቱንም እየጎዳ ይቆያል፣ ግፊት አያምም እኮ፣ የመጀመሪያው ምልክት ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ደረቱን ሲያመው ጨጓራ ነው ይባላል፣ ወይ ብርድ ነው ይባልና ዝንጅብል ይፈላለታል። ልብ ላይ ደም ሲረጋ ደግሞ ሰዓት ነው ነገሩ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚጠቅመው በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓቶች፣ የተዘጋውን የደም ሥር የሚከፍተው የሽቦ ቱቦ፣ ስቴንት፣ የሚገባበት ክፍል (ካት ላብ) ደግሞ አብዛኛው አዲስ አበባ ነው የተከማቸው። ከአባትህ ሰፈር በቃሬዛ አስፋልት እስኪደረስ፣ ከዛ መኪና እስኪገኝ፣ ከዛ ደሴ፣ ሰዓቱን አንተው ቁጠረው።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ልበል። ስለ ልብ በተነሳ ቁጥር ካት ላብ ይከፈት፣ ሰርጀሪ ይምጣ ነው የሚባለው፣ እኔም ደስ ይለኛል ሥራዬ ነው፣ ግን ገጠር ላይ ብዙ ሰው የሚያድነው የሚሠራ የግፊት መለኪያና የማይቋረጥ የግፊት ክኒን፣ አምሎዲፒን፣ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፣ ፕሮግራሙ ሲጀመር ትኩረቱ እናትና ሕጻን፣ ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት ነበር፣ ትክክልም ነበር፣ አሁን ግን ቤት ለቤት ሲዞሩ ከ40 ዓመት በላይ ያለውን ሰው ሁሉ ክንድ ቢለኩ ብዙ ስትሮክ ይቀራል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያነሳው፣ የገጠሩ ልብ የሚታመመው በሌላ በሽታም ነው። እዚህ ከተማ ልብ ሲባል ሰው የሚያስበው ኮሌስትሮልና የተዘጋ የደም ሥር ነው። ገጠር ላይ ቀድሞ የሚመጣብኝ የቫልቭ (ደም የሚያሳልፉት የልብ በሮች) በሽታ ነው፣ ሩማቲክ የሚባለው። መነሻው የልጅ ጉሮሮ ነው። ቶንሲል የሚያመጣው ስትሬፕ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ በደንብ ሳይታከም ሲቀር አንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነታቸው ባክቴሪያውን ልከላከል ብሎ የራሱን ልብ ቫልቭ ያጠቃል፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ የሚዞር ቁርጥማት ይመጣል፣ ያልፋል፣ ይረሳል። እየደጋገመ ሲመጣ ቫልቩ ይጠብባል፣ ማጠፊያው እንደዛገ በር አይከፈትም አይዘጋም። እኛ ሀገር ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጆችን በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲያዩ ከ1000 ልጅ ወደ 19 የሚሆኑት ላይ ተገኝቷል፣ በስቴቶስኮፕ ብቻ ቢሆን አብዛኛው አይሰማም ነበር። ጉሮሮ ሲያም ደግሞ ገጠር ላይ እንጥል ይቆረጣል እንጂ ፔኒሲሊን አይሰጥም፣ እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን ምንም አያደርገውም፣ ደምና ኢንፌክሽን ይጨምራል እንጂ።

ይሄ በሽታ በተለይ ሴቶቹን ነው የሚጎዳው። ልጅቷ ዳገት ላይ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ «ሰነፍ» ትባላለች፣ ታገባለች፣ ታረግዛለች። እርግዝና ላይ የሰውነት ደም 40 በመቶና ከዛ በላይ ይጨምራል፣ የጠበበው ቫልቭ ያን ሁሉ ማሳለፍ አይችልም፣ አምስተኛ ስድስተኛ ወር ላይ ተኝታ መተንፈስ ያቅታታል። ያኔ ነው የሚታወቀው። ቫልቩ ሳይበላሽ በፊት ቢደረስበት ግን መከላከያው በየአራት ሳምንቱ የምትወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ናት፣ ርካሽ መርፌ ናት። ከተበላሸ በኋላ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕጻናት መርጃውን ያቋቋሙት በዚሁ ምክንያት ነው፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው ማዕከል ዛሬም የሚጠብቀው ሕጻን ብዙ ሺህ ነው። ግን ይሄን የገጠር በሽታ ብቻ አድርገህ እንዳትወስደው፣ አዲስ አበባም አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው የሚያድርበት ቤት ያው ነው፣ ድህነትና መጨናነቅ ነው ባክቴሪያውን የሚያዛምተው። የጪስ ነገርም አለ፣ ማገዶ ቤት ሆና እንጀራ የምትጋግር እናት ሲጋራ አጭሳ ባታውቅም ሳንባዋና የቀኝ ልቧ ሊጎዳ ይችላል፣ ግፊቷም ከፍ ሊል ይችላል። ቲቢም ልብ ዙሪያ ውኃ ይቋጥራል፣ እሱ ግን ከታወቀ ይድናል።

አሁን «አገሬ ብገባ» ወዳልከው። አየሩ አይደለም የሚያድነው። አሜሪካ ሂድ፣ ነገሩ ተገልብጦ ታገኘዋለህ፣ እዛ ከከተማው ይልቅ ገጠሩ ነው የሚወፍረው፣ ሲጋራውም ገጠር ይበዛል፣ በልብ የሚሞተውም ገጠር ይበልጣል፣ ምክንያቱም ባላገሩ በትራክተር ያርሳል፣ በፒካፕ ይሄዳል፣ ሆስፒታሉም ርቆታል። በዓለም ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2017 ሰው የጨመረውን ክብደት ሲያሰሉት ከግማሽ በላዩ፣ 55 በመቶው፣ የመጣው ከገጠር ነው። እኛ ጋም ምልክቱ አለ፣ መንገድ በገባበት ሁሉ ባጃጁ ገብቷል፣ የሚረጋው ዘይት በጄሪካን ይሄዳል፣ ለስላሳው ይሄዳል።

የራሳችን ሰዎች ታሪክ ደግሞ እስራኤል አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ሲገቡ፣ አብዛኞቹ ከጎንደር ገጠር የመጡ ቀጫጭን ሰዎች ነበሩ፣ ስኳርም ግፊትም ብርቅ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ሁለቱም ወጡ፣ ስኳሩ በተለይ ብዙም ሳይወፍሩ ጭምር ነው የያዛቸው። ደሙ አልተቀየረም፣ ኑሮው ነው የተቀየረው። ያንተም ጉዞ ከሱ ብዙ አይለይም፣ አውሮፕላን ሳይሆን አውቶብስ ሆነ እንጂ። የ77 ልጅ ነኝ ያልከውም ዝም ብዬ የማልፈው ነገር አይደለም። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በረሃብ ጊዜ የተፀነሱ ልጆች አድገው ሲታዩ የልብ ደም ሥር በሽታ ከሌላው በዝቶባቸው ተገኝቷል፣ ማህፀን ውስጥ በችጋር የተሠራ ሰውነት በኋላ ጥጋብ ሲመጣ አይችለውም ይባላል። ወሎ በ77 ምን እንደነበር ለአንተ አልነግርህም። ስለዚህ አንተ ከቢሮ ጓደኛህ በላይ ጠንቀቅ ማለት አለብህ ለማለት ነው፣ ለማስፈራራት አይደለም።

የምታደርገው ቀላል ነው። መጀመሪያ በትክክል ተለካ፤ አምስት ደቂቃ ጀርባህን ደገፍ ብለህ ተቀመጥ፣ ከዛ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም ጫትም አይኑር፣ ክንድህ በልብህ ቁመት ይሁን፣ እጅጌ ላይ አይታሰር፣ ሁለቴ ተለካና ጻፍ። ቤት ስትለካ 135/85 እና ከዛ በላይ ከሆነ ግፊት ነው። ባልከው ቁጥር ከሄደ መድኃኒት መጀመርህ አይቀርም፣ ከሱ ጋር ኩላሊት፣ ስኳር፣ ሽንት፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይታይልህ። ያ «ሙሉ ቼክ አፕ» የሚባለው ውድ ፓኬጅ አያስፈልግህም። «አንዴ ከጀመርክ ዕድሜ ልክ ነው» የሚሉህን አትስማ፣ ዕድሜ ልክ የሆነው መድኃኒቱ ሳይሆን ግፊቱ ነው፣ ክኒኑን ብትተወው እሱ አይተውህም። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ብላ፣ ምግብ ናቸው፣ በክኒኑ ቦታ ግን አይሆኑም። ከገጠር መውሰድ የሚገባህ እግሩን ነው፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሁለት ፌርማታ ቀድመህ ውረድና ሂድ፣ ጂም ካልገባሁ ብለህ አታጓትተው።

አባትህን በተመለከተ። መጀመሪያ እቤት ያለው ሰው ማታ ላይ ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ በአውራ ጣት አሥር ሰከንድ ያህል ይጫን። ሲለቀው ጉድጓድ ሆኖ ከቀረ፣ ሁለቱም እግር ከሆነ፣ ጠዋት ጎደል ብሎ ማታ የሚመለስ ከሆነ፣ ከልብ ወይ ከኩላሊት ወይ ከጉበት የሚመጣ ውኃ ነው ብለህ ጠርጥር። አንዳንዴ «ዝሆኔ ነው» ተብሎ ይተዋል፣ ዝሆኔ ግን ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለብዙ ዓመት ከመሄድ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፣ ቆዳው ይሻክራል ይጠነክራል፣ ከፋሲካ ወዲህ ተነስቶ ዳገት ላይ አያስቆምም። በስንት ትራስ እንደሚተኙ ጠይቅ፣ ሌሊት ታፍነው ተነስተው ይቀመጡ እንደሆነ፣ ተኝተው የሚነሳ ሳል ካለ። ሽማግሌ በራሱ አይነግርህም፣ እናትህን ጠይቃት፣ እሷ ታውቃለች።

እስኪታዩ ድረስ ሁለት ነገር አደራ። ላንተ አምሎዲፒን ቢታዘዝልህ ቆርሰህ እንዳትልክላቸው፣ እሱ ራሱ እግር ያሳብጣል፣ ነገሩን ያምታታብናል። ሁለተኛው ለጉልበትና ለወገብ እያሉ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዲክሎፌናክ፣ እሱ ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ግፊት ያስነሳል፣ የተዳከመ ልብን ያባብሳል፣ ብዙ ሽማግሌ በየቀኑ ይውጠዋል፣ ካለ ያቁሙት። ቁጭ ብለው ሳሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደረታቸውን ጨምድዶ ከያዛቸው፣ አንድ ጎን ከከዳቸው ወይ አፋቸው ከተጣመመ ቀጠሮ ምናምን የለም፣ በዛው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ካልሆነ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ። የማህበረሰብ ጤና መድን ካርድ ካላቸው በሪፈር ነው የሚሠራው፣ ከጤና ጣቢያው አስጽፋችሁ ደሴ ውሰዳቸው፣ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ከኪስ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጋቸው ኢሲጂ፣ የደረት ራጅ፣ ኢኮ፣ ደም ማነስ፣ ኩላሊትና ሽንት ነው። በዚህ ዕድሜ ሳይታወቅ የቆየ ግፊት ሊሆን ይችላል፣ ቫልቭም ሊሆን ይችላል፣ የደም ማነስ ብቻም ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናቸው ደግሞ ይለያያል፣ ስለዚህ ውኃ የሚያወጣ ክኒን ተሰጣቸውና እግራቸው ጎደለ ብላችሁ ኢኮውን እንዳትተዉት። ኢኮው ወረቀት ላይ ኢኤፍ የሚል ቁጥር በፐርሰንት አለ፣ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚገፋ የሚያሳይ፣ እሱንና ስለ ቫልቮቹ የተጻፈውን፣ ከግፊታቸው ጋር አድርገህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ቀጥሎ ያለውን ያኔ እናያለን።